ታዋቂ ሰውና ድምፃዊ በጥንድ ሲዘፍኑ፦ ኪይ፣ ቅብብል፣ ማይክና ነጥብ (ጅማ ላይ ለሚቀረጽ ውድድር)

አዌቱ፦
ሰላም ለቤቱ። ጅማ ላይ በአንድ አዳራሽ ተቀርጾ በቴሌቪዥን የሚተላለፍ የጥንድ ዘፈን ውድድር እየተዘጋጀ ነው። ጥንዶቹ 6 ናቸው፤ በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ ታዋቂ ሰው (ኳስ ተጫዋች፣ ተዋናይ፣ ጋዜጠኛ) ከአንድ ባለሙያ ድምፃዊ ጋር ይዘፍናል። የቀረው 3 ሳምንት ነው። ባንዱ ኪቦርድ፣ ቤዝ፣ ድራም፣ ክራርና ማሲንቆ አለው። አዳራሹ 300 ሰው ይይዛል፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ዘፈኖቹ ግማሾቹ አማርኛ፣ ግማሾቹ አፋን ኦሮሞ ናቸው።

ችግሩ ከመጀመሪያው ልምምድ ታይቷል። ድምፃዊው በለመደው ኪይ (ዘፈኑ በሚነሳበት የድምፅ ከፍታ) ይጀምራል፤ ታዋቂው ሰው አዝማቹ ላይ ሲደርስ ወይ ይጮኻል ወይ ድምፁ ይጠፋል። ከየት ይጀመር? የምታውቁ በዝርዝር ጻፉልን።

ባለክራሩ፦
ከታዋቂው ሰው ጉሮሮ ጀምሩ። መጀመሪያ ሰውየው ይለካ፣ ዘፈኑ ከዚያ ይመረጥ።

ልኬቱ 15 ደቂቃ አይፈጅም። ኪቦርድ አጠገብ አቁሙትና ስሙንና ሠፈሩን እንደወትሮው ይናገር፤ ድምፁ የሚያርፍበትን ኖታ ኪቦርዱ ላይ ፈልጉት። ከዚያ ተነስቶ "ላ" እያለ በግማሽ በግማሽ ድምፅ (ጥቁሩንም ቆጥሮ በአንድ በአንድ የኪቦርድ ቁልፍ) ወደ ታች ይውረድ። ድምፁ አልቆ ትንፋሽ ብቻ የቀረበትን ኖታ ጻፉ። ወደ ላይም እንዲሁ ነው፤ አገጩ ቀና ማለት ሲጀምር፣ የአንገቱ ሥር ሲገተር አቁሙት። አሁን ከሁለቱም ጫፍ 2 ግማሽ ድምፅ ቀንሱ። መድረክ ላይ የምትተማመኑበት የቀረውን ነው፤ ካልሠለጠነ ሰው ብዙ ጊዜ የሚገኘው አንድ ኦክታቭ (12 ግማሽ ድምፅ) አካባቢ ነው።

ቀጥሎ የዘፈኑን ዝቅተኛና ከፍተኛ ኖታ አውጡና መካከላቸውን ቁጠሩ። ከሰውየው ስፋት ከበለጠ ዘፈኑ ይቀየር፣ ካልሆነም ከፍታው ላይ ያለው ስንኝ ለድምፃዊው ይሰጥ። ከፍ ያለው ኖታ ሁለት ምትና ከዚያ በላይ ተይዞ የሚቆይ ከሆነ ከሰውየው ጫፍ 3 ግማሽ ድምፅ ዝቅ ብሎ መገኘት አለበት፤ ኖታን ለአፍታ መንካት ሌላ፣ ይዞት መቆየት ሌላ ነው። ልኬቱን በጠዋት አትውሰዱ። ድምፅ ከእንቅልፍ እንደተነሱ ወፍራምና ዝቅ ያለ ነው፤ ቀረጻው ማታ ከሆነ ልኬቱም ማታ ይሁን።

ድምፃዊው "ይህ ኪይ ድምፄን አያወጣውም" ይላችኋል። እውነቱን ነው። ግን እሱ ኪዩ ዝቅ ቢልበትም እንጉርጉሮ አለው፣ ቅላጼ አለው፤ ታዋቂው ሰው ያለው ዜማው ብቻ ነው። ስለዚህ ኪዩን የሚወስነው ደካማው ጉሮሮ ነው። ይህን ከባንዱ ጋር በመጀመሪያው ቀን ተስማሙበት፤ በሁለተኛው ሳምንት ኪይ መለወጥ ልምምዱን ሁሉ ያፈርሰዋል።

ሂርማታ፦
ባለክራሩ ያለው ላይ አንድ ነገር ልጨምር፦ ጥንዶቹን አታፈራርቁ። የእንግሊዙ ቢቢሲ ዋን እ.ኤ.አ. በ2006 ባቀረበው "ጀስት ዘ ቱ ኦቭ አስ" አንድ ታዋቂ ሰው ከአንድ ባለሙያ ጋር ይጣመርና በዚያው ይዘልቅ ነበር። የመጀመሪያውን ዙር ተዋናይዋ ሻን ሪቭስ ከራስል ዋትሰን ጋር፣ የ2007ቱን ደግሞ ተዋናይዋ ሃና ዋተርማን ከማርቲ ፔሎ ጋር አሸነፉ። በዚያው 2006 የአሜሪካው ፎክስ ያሳየው "ሰለብሪቲ ዱየትስ" ግን ታዋቂውን ሰው ከተለያዩ ድምፃውያን ጋር ያዘፍን ነበር፤ አሸናፊው ተዋናዩ አልፎንሶ ሪቤይሮ ነው።

ማፈራረቁ ለተመልካች ያምራል። ለእናንተ ግን በ3 ሳምንት አይሆንም፤ አጋር በተለወጠ ቁጥር ኪዩ፣ ትንፋሽ የሚወሰድበት ቦታና የስንኝ ክፍፍሉ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል።

የዳኝነቱን ቅጽ ከእነ ባላገሩ አይዶልና ፋና ላምሮት እንዳትገለብጡ። እነዚያ የነጠላ ድምፃዊ ውድድሮች ናቸው። በጥንድ ውድድር ድምፃዊው ብቻውን 10 ከ10 ቢያገኝ ምንም አይነግረንም፤ ሙያው ነው። ነጥቡን በኋላ እመለስበታለሁ።

አዌቱ፦
6ቱም ተለኩ፤ እጃችሁ ይባረክ። አሁን የገጠመን የወንድና የሴት ልዩነት ነው። አንዷ ጋዜጠኛ ዘፈኑ በኤ (A) ኪይ ሲሆን ይመቻታል፤ አጋሯ የሆነው ድምፃዊ ደግሞ በዲ (D) ነው የሚያምርበት። ዘፈኑ ትዝታ ሜጀር ነው። መሀል ላይ ኪይ እንለውጥ ስንል ክራር ደርዳሪው አይሆንም አለ።

ባለክራሩ፦
ክራር ደርዳሪው ልክ ነው፤ ክራር ለአንድ ኪይ ተቃኝቶ ይቀመጣል፣ መሀል ላይ እንደ ኪቦርድ በአንድ ቁልፍ አይዞርም። ነገር ግን በእናንተ ጉዳይ ልዩነቱ 5 ግማሽ ድምፅ መሆኑ ሥራውን ያቀለዋል። በትዝታ ሜጀር (ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ) ኪዩን 5 ግማሽ ድምፅ ወደ ላይ ስታወጡት ከ5ቱ ኖታዎች 4ቱ በአዲሱም ውስጥ አሉ። የሚለወጠው የቀድሞው ሚ ብቻ ነው፤ ግማሽ ድምፅ ከፍ ይልና አዲሱ ዶ ይሆናል። ክራር ላይ አንድ አውታር ማለት ነው። ባለ 6 አውታር ክራር ከሆነና ያ ኖታ በኦክታቭ ከተደገመ ሁለት ይሆናል።

ያም ሆኖ በዘፈን መሀል አውታር መጥበቅ አደጋ አለው፤ አዲስ የተጠበቀ አውታር ወዲያው ይረግባል። የተሻለው ሁለተኛ ክራር በዲ ቃኝቶ አጠገብ ማስቀመጥ ነው። ሁለተኛ ክራር ከሌለ የወንዱ ስንኝ ላይ ክራሩ ይረፍ፣ ማሲንቆው ይያዘው፤ ማሲንቆ ባለ አንድ አውታር ስለሆነ ጣቱን አንሸራቶ ይከተላል። ዋሽንት ብትጨምሩ ግን ለእያንዳንዱ ኪይ የየራሱ ርዝመት ያለው ዋሽንት ያስፈልጋል።

ቅኝቱ ሌላ ከሆነ ሒሳቡ ይለወጣል። በባቲና በአምባሰል ይኸው ለውጥ 2 ኖታ ያዛውራል፣ በአንቺ ሆዬ 3። እዚያ ኪይ መለወጡን ትታችሁ በሴቲቱ ኪይ ቆዩ፤ ወንዱ አንድ ኦክታቭ ዝቅ ብሎ ወይም በተቀባይነት ይግባ።

አዝማቹን ሁለቱም አብረው የሚሉት ከሆነ በእሷ ኪይ ይሁን። በእሱ ኪይ ተጠናቆ የሚያልቅ ዘፈን እሷን በመጨረሻው ደቂቃ ከስፋቷ ያስወጣታል፤ ዳኛ ደግሞ በአእምሮው የሚቀረው መጨረሻው ነው።

ቦዬ፦
ድምፅ የማሠልጠን ሥራ ላይ ያለሁ ነኝ። ስለ ስንኝ ክፍፍል የተባለ ነገር ስለሌለ ልጻፍ።

የመጀመሪያውን ስንኝ ለድምፃዊው ስጡ። ታዋቂው ሰው ኪዩን ከሰማው ድምፅ ይይዘዋል፤ ብቻውን ከፍቶ ግማሽ ድምፅ ከሳተ ግን እስከ አዝማቹ ድረስ እንደሳተ ይሄዳል። ሁለተኛውን ስንኝ እሱ ይዝፈን፤ በአንድ ትንፋሽ የማይዘለቅ ስንኝ ከሆነ ትንፋሽ የሚወሰድበትን ቦታ ወረቀቱ ላይ በጭረት ምልክት አድርጉ፣ ያም ቦታ በቃል መሀል አይሁን።

ድርብ ድምፅ (ሃርሞኒ) ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው የፈረንጅ ሙዚቃ ልምድ ይዞ ሁልጊዜ በሦስተኛው ኖታ መደረብ ነው። የእኛ ቅኝት 5 ኖታ ስለሆነ ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ከቅኝቱ ውጭ ይወድቃል፤ ሰሚ "የሆነ ነገር አለ" ይላል እንጂ ምን እንደሆነ አይነግራችሁም። ቀላሉ ሕግ፦ በቅኝቱ ውስጥ አንድ ኖታ ዝለሉና ቀጣዩን ደርቡ። በትዝታ ሜጀር ዶ ላይ ሚ፣ ሬ ላይ ሶል፣ ሚ ላይ ላ፣ ሶል ላይ የላይኛው ዶ፣ ላ ላይ የላይኛው ሬ። ሁሉም ያምራል።

በሌሎቹ ቅኝቶች አንድ አንድ ወጥመድ አለ። ባቲ (ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ) ውስጥ ፋ ላይ ሲ ይሻክራል። አምባሰል ላይ ዝቅ ያለው ሬ ከሶል ጋር፣ አንቺ ሆዬ ላይ ዝቅ ያለው ሶል ከላይኛው ዶ ጋር እንዲሁ። እነዚህ ቦታዎች ላይ ድርቡን ተዉት፤ ሁለቱም አንድ ኖታ ይበሉ። ድርቡን ምንጊዜም ድምፃዊው ይያዝ፣ ዜማው ከታዋቂው ሰው አይነጠቅ።

እባካችሁ ድምፃዊውን በታዋቂው ሰው ስንኝ ላይ ቅላጼ እንዳይጨምር አስጠንቅቁት። ያልሠለጠነ ጆሮ ቅላጼውን ዜማ መስሎት ይከተላል፤ ሁለቱም ይጠፋሉ።

ጅሬን፦
ቦዬ፣ በአክብሮት፣ በመክፈቻው አልስማማም። ተመልካች ቴሌቪዥኑን የሚከፍተው ኳስ ተጫዋቹ ሲዘፍን ሊያይ ነው። ባለሙያው ከከፈተው ታዋቂው ሰው እንደ ተቀባይ ይታያል፤ ዳኛም ሳያውቀው ያነጻጽራል። ኪዩን ለማስያዝ ማሲንቆው የመጀመሪያውን ስንኝ ዜማ እንዳለ ይጫወትለት፣ መጨረሻ ላይ መነሻ ኖታውን ሁለት ምት ይያዝለት። ያ ይበቃዋል።

ቦዬ፦
የማሲንቆው መግቢያ መነሻ ኖታው ላይ የሚያርፍ ከሆነ እቀበላለሁ። በሌላ ኖታ አርፎ "ከዚህ ፈልገህ ግባ" ከሆነ ግን አይሆንም። አንድ ፈተና አለ፦ በልምምድ ላይ መግቢያውን 5 ጊዜ አጫውቱለት። 5ቱንም በትክክል ከገባ ይክፈት። አንዷን ከሳተ ድምፃዊው ይክፈት፤ መድረክ ላይ ልብ ሲመታ የሚብስ እንጂ የሚሻል ነገር የለም።

ሳውንድ ቼክ፦
ማይኩ ላይ ልምጣ፤ በልምምድ ያማረ ጥንድ መድረክ ላይ የሚበላሽበት ዋናው ምክንያት እዚህ ነው።

ታዋቂ ሰው ማይክ ሲይዝ ጭንቅላቱን በመዳፉ ይሸፍናል። እንደ ሹር ኤስኤም 58 ያለ ማይክ ከፊት ሰምቶ ከኋላ እንዳይሰማ የተሠራው ከጭንቅላቱ በታች ባሉት ክፍተቶች ነው፤ ሲሸፈኑ ከየአቅጣጫው መስማት ይጀምራል፣ ሞኒተሩን (ለዘፋኙ የሚያሰማውን የመድረክ ስፒከር) ይሰማል፣ ያፏጫል። ያኔ ባለሙያው ቮልዩሙን ይቀንሳል፣ ዘፋኙ ራሱን ስለማይሰማ ይጮኻል፣ ኪዩን ይስታል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ በግንዱ መሀል ይያዝ፣ ከከንፈር ሁለት ጣት ይራቅ፣ ሽቦ አልባ ከሆነ ደግሞ አንቴናው ያለበት የታችኛው ጫፍ አይጨበጥ። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ልምምዱ ማይክ ተይዞ ይሁን፤ ያልበራ ማይክም ቢሆን ይበቃል።

ጌይኑን (የማይኩን መነሻ መጠን) "ሄሎ፣ አንድ ሁለት" እያለ አትቀበሉት። የዘፈኑን ከፍተኛ ስንኝ በሙሉ ኃይሉ ይዝፈን፣ በዚያ ይስተካከል። በዲጂታል ሚክሰር ከፍተኛው ከ-12 ዴሲቤል እንዳያልፍ። ከ100 ኸርዝ በታች ቁረጡ። ኮምፕረሰር (ከፍ ያለውን ድምፅ የሚጫነው) ለታዋቂው ሰው 3 ለ 1፣ ቢበዛ 6 ዴሲቤል እንዲጫን፤ ከዚያ ሲበልጥ ለስላሳው ቦታ ከፍ ስለሚል ፉጨቱ ይመለሳል።

ሞኒተር የሁለቱ የየራሱ ይሁን። በታዋቂው ሰው ሞኒተር የራሱ ድምፅ በደንብ፣ ኪቦርዱ፣ የድራሙ ኪክ፤ የአጋሩ ድምፅ ዝቅ ብሎ። ቦዬ ስለ ቅላጼው ያለችው እዚህም ይሠራል። በሞኒተር ፋንታ አዳራሹን ካዳመጠ ይዘገያል፤ ድምፅ አንድ ሜትር ለመሄድ 3 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፣ 20 ሜትር ሄዶ ከኋላ ግድግዳ ሲመለስ 120 ገደማ ነው። ይህ በምት ላይ በግልጽ የሚሰማ መዘግየት ነው።

ፕሌይባክ (ቀድሞ የተቀዳ ሙዚቃ) የምትጠቀሙ ጥንዶች ካሉ ፋይሉ በ48 ኪሎ ኸርዝ ይሁን፣ ቪዲዮው የሚሠራው በዚያ ነውና። በ44.1 የተሠራ ፋይል ሳይለወጥ እንደ 48 ከተነበበ 9 በመቶ ያህል ይፈጥናል፣ ኪዩም አንድ ተኩል ግማሽ ድምፅ ገደማ ወደ ላይ ይወጣል፤ በአጭሩ በኪቦርድ ላይ በሁለት ቁልፎች መካከል ይወድቃል። ማሲንቆ ካለ ወዲያው ይጋጫል።

ኪቶ፦
ስለ ቆርቆሮው። ጅማ ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ ከባድ ነው፤ በሌላውም ወር ከሰዓት በኋላ ሊወርድ ይችላል። ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ሲወርድ የአዳራሹን ድባብ የሚቀዱት ማይኮች ከዘፈኑ በላይ ዝናቡን ይቀዳሉ። እያንዳንዱን ማይክ በየራሱ ትራክ ቅረጹ፤ የድባብ ማይኮቹን ዝጉና ጭብጨባውን በኋላ ከደረቅ ሰዓት ቀረጻ አስገቡ። የተጠጋ የዘፋኝ ማይክ ዝናቡን ብዙም አያነሳውም፤ የክራሩን ግን በማይክ ሳይሆን በፒክአፕ (መሣሪያው ላይ በሚለጠፍ ድምፅ ተቀባይ) ያዙት።

እርጥበት የክራሩን ቆዳ ያረግባል፣ ቅኝቱ ዝቅ ይላል። ከእያንዳንዱ ጥንድ በፊት፣ መብራቱ ከሞቀ በኋላ፣ ክራሩ በቲውነር ይታይ። ከበሮ ካለም ቆዳው ይሞቅ።

መብራት፦ ጄኔሬተሩ 10 ኬቪኤ ከሆነ በ0.8 ፓወር ፋክተር 8 ኪሎ ዋት ነው የሚሰጣችሁ፤ ከዚያም ከሦስት አራተኛው በላይ አትጫኑት። የድምፅ መሣሪያውና የመድረክ መብራቱ ኃይል ከተለያየ ፌዝ (የኤሌክትሪክ መስመር) ይምጣ፤ በአንድ ከሆኑ ዲመሩ (የመብራት ማደብዘዣው) ስፒከሩ ውስጥ ይዘምማል። ዝምዝምታውን ለማጥፋት የመሬት ሽቦ መቁረጥ ክልክል ነው፤ ማይክ የያዘ ሰው ሊገደል ይችላል። ሚክሰሩ፣ የሽቦ አልባ ማይኮቹ ተቀባይና መቅረጫው ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ላይ ይሁኑ፤ መብራት ሄዶ ጄኔሬተር እስኪነሳ ዲጂታል ሚክሰር ከጠፋ እንደገና ተነስቶ ሥራ እስኪጀምር ሕዝቡ ይቀዘቅዛል። ካሜራው በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ሸተሩ 1/50 ይሁን፤ የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ከዚህ ጋር በማይገጥም ቁጥር አምፖሉ ይንቦገቦጋል።

ሂርማታ፦
ወደ ነጥቡ። ተራ ድምር አትደምሩ። 4 ጥንድ (ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ) እና 3 ዳኛ እንውሰድ። አንደኛው ዳኛ 8.9፣ 8.7፣ 8.6፣ 8.5 ሰጠ። ሁለተኛው 8.8፣ 8.7፣ 8.5፣ 8.6። ሦስተኛው 6፣ 5፣ 9.5፣ 7። ድምሩ ሀ 23.7፣ ለ 22.4፣ ሐ 26.6፣ መ 24.1 ይሆናል። ሐ አሸነፈ፤ ሁለቱ ዳኞች ግን ሐን ሦስተኛና አራተኛ ነበር ያደረጉት። ነጥቡን አራርቆ የሚሰጥ አንድ ዳኛ ብቻውን ወሰነ ማለት ነው።

ስለዚህ የእያንዳንዱን ዳኛ ነጥብ ወደ ደረጃ ለውጡት፦ ለአንደኛ 4፣ ለሁለተኛ 3፣ ለሦስተኛ 2፣ ለአራተኛ 1። አሁን ሀ 10፣ ለ 7፣ ሐ 7፣ መ 6። በ6 ጥንድ ከ6 እስከ 1 ነው። የሕዝቡ የጽሑፍ መልእክት ድምፅም እንዲሁ ወደ ደረጃ ይለወጥና ይደመር። በመቶኛ ከሆነ ብዙ ደጋፊ ያለው ኳስ ተጫዋች ድምፁ ምንም ይሁን ምን ይወስደዋል፤ ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉን ያነሳበት ከተማ ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እኩል ሲሆኑ ማን እንደሚያልፍ ከመጀመሪያው ቀን ይጻፍ፤ እኔ የዳኞቹ ደረጃ ይብለጥ እላለሁ።

ዳኛው የሚያየው 3 ነገር ብቻ ይሁን፦ ታዋቂው ሰው ኪዩንና ምቱን መጠበቁ (5)፣ የሁለቱ መቀባበል (3)፣ ቃላቱ መሰማታቸው (2)። ለድምፃዊው የተለየ ነጥብ የለም።

ጅሬን፦
"ቃላቱ መሰማታቸው" የሚለው ላይ፦ አፋን ኦሮሞ የማይናገሩ ታዋቂ ሰዎች ካሉ የአናባቢው ርዝመት ትርጉም ይለውጣል። "ለፈ" ሲያጥር መሬት ነው፤ "ላፋ" ሲረዝም ለስላሳ ነው። ዜማው አጭሩ ላይ ረጅም ኖታ ከጫነበት ዘፋኙ ሳያውቅ ያረዝመዋል። በአማርኛም "አለ" ላልቶ ተናገረ፣ ጠብቆ ደግሞ ይገኛል ነው። ግጥሙን ያለ ዜማ፣ በምቱ ላይ እየተናገሩ 10 ጊዜ ይበሉት፤ ከዚያ ዜማው ይግባ። ቋንቋውን የሚናገር ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጥ፤ ያልገባው ቃል ካለ ዜማው ሳይሆን ቃሉ ይታረም።

አዌቱ፦
ይህን ሁሉ አትሜ ለባንዱ ሰጥቻለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ታዋቂው ሰው ግጥም ቢረሳ እናቁምና እንደገና እንቅረጽ?

ሳውንድ ቼክ፦
አታቁሙ። ድጋሚ ቀረጻ የሚፈቀደው መብራት ሲሄድ፣ ማይክ ሲሞት ወይም አውታር ሲበጠስ ብቻ መሆኑ በደንቡ ይጻፍ፤ ካልሆነ 6ቱም ይጠይቃሉ።

ቦዬ፦
ድምፃዊው የሁለቱንም ክፍል በቃሉ ይወቅ። ሰውየው ዝም ካለ ሁለት ምት ይጠብቀው፤ ካልገባ ስንኙን ይያዝለትና በዓይኑ ይጥራው። ታዋቂው ሰው ወደኋላ ተመልሶ የረሳውን አይፈልግ፤ በሚቀጥለው አዝማች መጀመሪያ ላይ ይግባ። ይህንንም እንደ ዘፈኑ ተለማመዱት፦ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቀን፣ ሳይነገረው፣ ድምፃዊው ራሱ ስንኝ ይዝለልና ሰውየው መግቢያውን ያገኝ እንደሆነ እዩ።